ደም ውስጥ የሚገባው ብረት

በድርቁ ዘመን ሱዳን ካለው የስደተኞች መጠለያ፣ ከቁረይሻ፣ ወደ ገዳሪፍ ከተማ በሎሪ ስንሄድ፣ ከአገሬ ያወጣሁትን የማረሻ ብረት ከእግሬ ሥር ጥየው ነበር። አጠገቤ የታመመ ልጅ ያቀፈች እናትና የመጠለያው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢው፣ ያወራሉ።

«የደም ካንሰር ነው አሉኝ። ብረት ክፉ መንፈስ ያርቃል ብዬ አምባር አሰርሁለት።»

«የእጅ አምባር ደም ውስጥ አይገባም፣ እታለም። ግን ወላሂ፣ የሩቅ አገር ሐኪሞች ለዚህ በሽታ ከብረት ዘር መድኃኒት እየቀመሙ ነው፤ በመርፌ የሚሰጥ።»

«ብረት በደም ሥር? የትኛው ቀጥቃጭ ነው እንዲህ የሚያሳንሰው?»

«ቀጥቃጭ አይችለውም። ሐኪሞቹ አሟምተውት ውሃ መስሎ ነው የሚገባው።»

«የፈጣሪ ያለህ! ገዳሪፍ ይገኛል?»

«የለም። ገና ሙከራ ላይ ነው።»

«ለልጄ አይደርስማ።»

«እንጃ፣ እታለም።»

«እንግዲያ ለሌላይቱ እናት ልጅ ይድረስላት። ሐኪሞቹን ይቅናቸው!»

ብረትን እግር ሥር መጣል ነውር መስሎኝ፣ ማረሻዬን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት።