ለመስቀል የታረደው ኮርማ

የእንስሳት ባለሙያው "ዘራቸውን ላስመርምር" ብሎ ከሁለቱ ኮርማዎቻችን የጭራ ፀጉር ነቅሎ የሄደው ክረምት ላይ ነው። ውጤቱ ሳይመጣ መስቀል ደረሰ፤ እኛ አገር ደግሞ መስቀል ያለ እርድ አይዋልም። ባለቤቴ "ይሄ መብል የማይወደው ምን ዘር ይሆናል? እሱን እንረደው፤ በላተኛው ለዘር ይቅር" አለ። እኔም "እግዜር ያውቃል" አልኩ።

በበዓሉ ማግስት ባለሙያው እምድብር ቤታችን ድረስ መጣ። ክትፎ በቆጮ አቀረብኩለት። አንዴ እንደጎረሰ፣ "እናቴ፣ እልል በይ! ያ ትንሽ በልቶ የሚወፍረው ለዘር ተመርጧል። ጥጆቹም እንደሱ መኖ አይፈጁም። የት አለ?" አለኝ።

"ልጄ፣ የጎረስከው እሱን ነው" አልኩት።

እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ። ኮርማው አንድ ጥጃ እንኳ ሳያስቀር መሄዱ አንጀቴን አቃጠለው። ያኛው ግን ድርቆሹን ጨርሶ፣ ጨምሩልኝ እያለ ከጋጣው ያገሳ ነበር።