ቦታ ጠባቂው ዜሮ

መሪጌታ ሰውአገኝ ከማራኪ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ጠጋ ብላ ቦታ የሰጠቻቸው የጎረቤታቸው ልጅ እጅጋየሁ ናት፤ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች።

«ምነው የኔታ፣ ምን አገኘዎት?»

«በላቸው ነው ያቃጠለኝ፤ ዛሪማ ገጠር የሚያርሰው ደቀ መዝሙሬ። መንገዱ ቢርቀው ዜማውን በስልኬ ቀድቼ፣ ከ1 እስከ 20 ቁጥር ሰጥቼ፣ በሚሞሪ ካርድ ላክሁለት። ትናንት ደውሎ ሲያዜምልኝ ከአንደኛው ዘሎ አሥረኛውን! ምነው ስለው ‹የላኩልኝ እንዲህ ነው› ይለኛል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም! ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ ብዬዋለሁ።»

ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ካስተማሯቸው ሁሉ እንደ በላቸው ያለ ድምፅ ሰምተው አያውቁም፤ ያንገበገባቸውም ይኸው ነው።

«በላቸው እውነቱን ነው፣ የኔታ። ካርዱ የገባበት ማጫወቻ ቁጥርን እንደ ቃል ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ እያነበበ ይደረድራል። 10 በ1 ስለሚጀምር ከ1 ጎን ይሰለፋል፤ 2 ከ19 በኋላ ይመጣል። 01፣ 02 ብለው ቢጽፉት ይስተካከላል።»

«ባዶ አስቀድሜ? የአባቶቻችን የግዕዝ ቁጥር ዜሮ አያውቅም። ያለ ባዶ ስንት ዘመን ቆጥረናል!»

አዋቂ ሰው በተማረው ላይ ጨምር ሲሉት መጀመሪያ የሚያነሣው አባቶቹን ነው። እጅጋየሁም ይህን ስለምታውቅ አልተከራከረችም።

«ልጠይቅዎት። ማኅሌት ላይ በቀኝ መስመር ፊት የሚቆሙት ቀኝ ጌታው የቀሩ ዕለት ሌላው ተንሸራቶ ቦታቸውን ይይዛል?»

«ምን ቆርጦት! ክፍት ይቆያል እንጂ። አንዱ ከተንሸራተተ መስመሩ ሁሉ ይፋለሳል።»

«ዜሮውም የቀረውን የአሥር ቦታ ይጠብቃል። እሱ ከሌለ 2 ተንሸራቶ በአሥር ቤት ይቆማል፤ ማጫወቻውም ከ20 ጋር ያሰልፈዋል።»

የኔታ ስልካቸውን አውጥተው ሰጧት።

«ሸጋ ነገር ተናገርሽ። ትምህርቱ እኮ ገና መቶ ያልፋል።»

«እንግዲያስ ከአሁኑ 001 ብለን እንጀምር፤ ኋላ እንደገና ከመልፋት ያድናል።»

እሷ ቁጥሮቹን ስትለውጥ፣ ፒያሳ ሳይደርሱ ሃያውም ተራቸውን ያዙ። የኔታ ከሚኒባሱ እንደ ወረዱ ደወሉ።

«በላቸው፣ ልጄ፣ አንተ ልክ ነበርህ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ተስተካክሎ ይመጣልሃል፤ ሁለተኛውን ያዝ።»

በዚያኛው ጫፍ በላቸው ሲያለቅስ ተሰማ። የኔታም አላፈሩም፤ አብረው አለቀሱ።

ዛሬ በላቸው ዜማውን በተራው ይዟል፤ መምህርና ተማሪም በከንቱ አይቀያየሙም። የኔታ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ማለታቸውን አልተዉም፤ ሻሻቸውን እየነካኩ ግን «ከጠመጠሙም በኋላ አይቀርም» ብለው ይጨምሩበታል።