የማያልቀው ተዝካር

በሰባ ሰባቱ ረኃብ ጊዜ ነው። ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች ሰፈር፣ አሰጋሽ ወደ ክሊኒኩ ስትጣደፍ አያ ጋረደውን መንገድ ላይ አገኘቻቸው። በአንድ እጃቸው ፍየል ይጎትታሉ፤ በሌላው ቢላዋ ይዘዋል። አሰጋሽ ዩኒቨርሲቲ አቋርጣ የተሰደደች፣ ለአንድ የበጎ አድራጎት ተቋም የምታስተረጉም ልጅ ናት። ይህችን የምትታለብ ፍየል ለሽማግሌው ያስረከበቻቸው እሷው ስለሆነች ቢላዋውን ስታይ ደሟ ፈላ።

«አያ ጋረደው፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቄሱ ድንኳን። ነገ የታምሬ አርባ አይደል? ልጄ ድንበሩ ላይ፣ ሐምዳይት እንደወደቀ ቀረ፤ ተዝካሩን እንኳ ላውጣለት።»

«በዚች ፍየል?»

«ታዲያ በምን? በሬ አላመጣሽልኝ!»

«ወተቷን ከጎረቤትዎ ከሸጊቱ ሕፃን ጋር ሊካፈሉ ተስማምተን አልነበረም? የሸጊቱ ጡት እኮ ደርቋል።»

«ሸጊቱም ከሥጋው ትቀምሳለች። ቋራ ሳለሁ የስንቱን ተዝካር በልቻለሁ! የራሴ ልጅ ሲሆን ልሽሽ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ነገ በልቶ ይሄዳል። ከነገ ወዲያ ሕፃኑ ምን ይጠጣል?»

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነገር አለ። እነዚህ ኸዋጆች፣ ነጮቹ፣ ለእኔ ፍየል፣ ለባፈና የልብስ መኪና፣ ለሴቶቹ ማኅበር ወፍጮ፣ ለሉሉ ልጅ የአናጢነት ትምህርት ሰጡ። ሰደቃ ከሆነ ለሁላችን እኩል እህል አይሰፍሩም? ፊት አይተው ነው እንዴ?»

«ችግር አይተው ነው። የከሳ ሕፃን ዛሬውኑ ምግብ ካላገኘ ይሞታል፤ ለእሱ ምግብ ይሰጣሉ። ባፈና ግን ጎንደር ሳለች ልብስ ሰፊ ነበረች። እህል ቢሰፍሩላት በልታ ተመልሳ ትሰለፋለች፤ መኪና ሲሰጧት ሰልፉን ተወችው። ወፍጮ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ስለማይችለው ለማኅበር ተሰጠ። እርስዎ ከብት ያውቃሉ ተብሎ ፍየል ደረሰዎት።»

«እሱስ አውቃለሁ» አሉ ጢማቸውን እየነካኩ። «ይኼ ሁሉ ሀብት የማነው? የመንግሥት?»

«የአንድ ነጋዴ። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል።»

አያ ጋረደው ቢላዋውን አፈር ላይ አኖሩት። «የሞተ ሰው ነው የሚያበላን?»

«ዋናው ሀብት ሳይነካ፣ ትርፉ በየዓመቱ ለችግረኛ እንዲሰጥ ተናዞ ነው የሞተው። ወራሾቹ ያን ጊዜ ዋናውን በልተውት ቢሆን ለእኛ የሚተርፍ ነገር አልነበረም።»

«ቆይ፣ አትቸኩይ! እንዲህ ከሆነ ሰውየው እኮ በየዓመቱ ተዝካሩ ይወጣል! ያውም በማያውቃቸው ሰዎች!»

አሰጋሽ ነገሩን እንዲህ አስባው አታውቅም፤ ግን አላለፈችውም።

«ታዲያ የታምሬስ ለምን በአንድ ቀን ያልቃል? ቄሱ ፍትሐቱን ያድርሱለት፤ ፍየሏ ትኑር። ሕፃኑ ወተቱን በታምሬ ስም ይጠጣ። ስትወልድ ግልገሏን ለሸጊቱ ይስጡ፤ የሸጊቱ ስትወልድ ደግሞ ለሌላ ይተላለፋል።»

«‹ጋረደው ልጁን በባዶ ሸኘ› ቢሉኝሳ?»

«እንዲህ የሚልዎትን ሰው ወደ እኔ ይላኩት።»

ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺማ ትነክሺዋለሽ!»

ሙታንን ማሰብ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በስደት አገር ያለችን አንዲት ፍየል በአንድ ምሳ መጨረስ ለሟቹ ምንም አይጨምርለትም፤ ከሕያዋኑ ግን ወተትን፣ ግልገልን፣ ከልመና የመውጫ መንገድን ይወስዳል። አያ ጋረደው ይህ ስለገባቸው ገመዱን ወደ ሸጊቱ ድንኳን አዞሩ። ጥቂት ሄደው ቆሙ።

«ለመሆኑ የነጋዴው የክርስትና ስም ማነው?»

«ምን ሊያደርግልዎ?»

«ነገ ቄሱ ታምሬን ሲያነሱ እሱንም ያንሱልኝ። ይህን ያህል ሲያበላ፣ እዚህ ሰፈር ስሙን የጠራለት የለም።»

አሰጋሽ አታውቀውም ነበር። ልትጠይቅ ወደ ተቋሙ ቢሮ ተመለሰች።