በጆሮ የተደገሰ ድግስ

የሆቴላችን ደረጃ መካከል ላይ ሳናስበው ተገናኘን። አትክልተኛው ሁለት ወንበር በሁለት ብብታቸው ሸጉጠው ይወርዳሉ፤ ወጥ ቤቷ ሁለት ወንበር አነባብረው ይወጣሉ፤ እኔ መሀላቸው ቆሜ ማንን እንደማሳልፍ ቸገረኝ።

«ወዴት ነው አባባ?» አልኩ።

«ወደ ሣሩ ነዋ። እንግዶቹ ደጅ ነው የሚቀመጡት።»

«ሙሽራ ደጅ ይቀመጣል እንዴ?» አሉ ወጥ ቤቷ። «ላይ አዳራሽ ነው እንጂ።»

«የምን ሙሽራ? የሚመጡት የዛፍ ጥላ የሚወዱ ሽማግሌዎች ናቸው።»

«ማን አለዎት?»

«ጋሼ ናቸው፣ በጆሮዬ።»

«እኔንም የነገሩኝ ጋሼ ናቸው፣ በጆሮዬ። ታዲያ አንደኛችን ዋሽተናል ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ለእኔ ደግሞ ሥልጠና ነው ተብሎ፣ ከወዳጅ ቤት የተዋስኩት ነጭ ሰሌዳ አዳራሹ ውስጥ ቆሟል። ሠርግ፣ ሽማግሌ፣ ሥልጠና፤ ሦስታችንም ከአንድ አፍ ነው የሰማነው።

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የዚህ የሐይቅ ዳር ሆቴል ባለቤት ናቸው። እኔ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። የሆቴል ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ የተማርኩት እንግዶች ክፍል ውስጥ ረስተዋቸው ከሚሄዱ መጻሕፍት ነው። ስለዚህ ባለ ዲፕሎማ ሲሳሳት ሳይ አዝናለሁ፤ ግን ብዙ አላዝንም። አዲሱ መንገድ በማዶ በኩል ካለፈ ወዲህ የላይኛው ፎቅ እንደተዘጋ ነው። ጋሼም በዚህ ወቅት እንግዳ ካልመጣ ግማሹን ሠራተኛ እንደሚያሰናብቱ ነግረውኛል፤ ይህንንም በጆሮዬ። ወጥ ቤቷና አትክልተኛው ከሚሰናበቱት ውስጥ እንደነበሩ ሁለቱም አያውቁም። በዚህ መሀል አንዲት የቡድን ጉዞ አዘጋጅ ለጋሼ ደውላ አርባ እንግዳ ለሦስት ቀን ይዤ ልምጣ አለች። ከተሳካም በየዓመቱ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቦታውን አይታ ትወስናለች።

ጋሼ መቀበያው ጀርባ ሆነው ቁልፎቹን በየመስቀያቸው ያንጠለጥሉ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«አንቺ ደግሞ አንድ ብለሽ ጀምረሽ መቼ አንድ ላይ ቆመሽ ታውቂያለሽ። በይ።»

«ለወጥ ቤቷ ሠርግ ነው ብለዋቸዋል፣ ለአትክልተኛው የሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ለእኔ ሥልጠና። የትኛው ነው?»

ጋሼ ማንም በሌለበት ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለየሰዉ ሥራው እንዲጥመው አድርጌ ነው የነገርኩት። ወጥ ቤቷ ሠርግ ካልተባለች ድስቱ አይሞላም። አትክልተኛው ትልቅ ሰው ይመጣል ካላሉት ማጭዱን አያነሳም። አንቺም የትምህርት ወሬ ካልሰማሽ ከወንበርሽ አትነቃነቂም።»

ስለ እኔ ያሉት እውነት ስለነበረ ወደ ሌላው አለፍኩ።

«ሁላችንንም በአንድ ላይ ሰብስበው ቢነግሩን ምን ነበረበት?»

«ሰውን በሰው ፊት ማዘዝ ነውር ነው፣ ልጄ። እኔ በጉብዝናዬ አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ፣ ጌታዬ ምግብ ቤቱ መሀል ቆሞ ነበር የሚያዘኝ። ‹አንተ፣ ሳህን አንሣ፤ አንተ፣ ወለሉን ጥረግ።› የሚበላው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። እኔ ቤት የሚሠራ ሰው እንዲህ አይሆንም ብዬ ምያለሁ። ጠጋ ብዬ በጆሮው እነግረዋለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ከእኔ ቤት ተዋርዶ የወጣ ሠራተኛ የለም።»

ይህን ስሰማ የምላሴ ስለት ትንሽ ደነዘ። ከክፉ ልብ የተወለደ ልማድ ሲነቅፉት ያፍራል። ከደግ ልብ የተወለደው ግን ባለቤቱ እንደ ምግባር ስለሚቆጥረው ሥሩ አይነቀልም። ቢሆንም ክርክር ጀምሬ መተው አልለመደብኝም።

«ያ ሰውዬ ያዋረደዎ በሰው ፊት ስለተናገረ ነው ወይስ ስለጮኸ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«አለው እንጂ። ዛሬ ማንም አልጮኸም። ነገር ግን ሁለት የተከበሩ ሰዎች ደረጃ ላይ ቆመው ውሸታም ሊባባሉ ምንም አልቀራቸውም። ወንበሩስ ምን በደለ፣ ሲወጣና ሲወርድ እግሩ ሊሰበር።»

«ወንበር እግሩ ቢሰበር ይጠገናል። አንቺ እንደምትዪው ብሰበስባቸው ግን አንዱ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ይከራከራል፣ ሦስተኛው አልችልም ይላል። ቤቱ ሸንጎ ይሆናል።»

«ይሁና። አልችልም የሚለው ዛሬ ቢለን አይሻልም? እንግዳው ማዕድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ከሚነግረን?»

«አፍሽ መቼም ምላጭ ነው» አሉ፤ ግን ቁልፉን ማንጠልጠል አቆሙ።

«እሺ፣ ምላጭ ይሁን። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ግን አልመለሱልኝም። ድግሱ የምንድን ነው?»

ጋሼ እንደገና ቁልፎቹን ማንጠልጠል ጀመሩ። ያን ጊዜ መኪና ግቢ ገባ።

አዘጋጇ አንገቷ ላይ አቅርቦ ማያ መነጽር አንጠልጥላ ወረደች። ክፍል አሳዩኝ አላለችም፤ አዳራሽም አልጠየቀችም። ሰላምታ ሰጥታን ቀጥ ብላ ወደ ሐይቁ ሄደች። እኔና ጋሼ ግራ እንደተጋባን ተከተልናት። ሐይቅ ዳር ሠርግ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ፤ ሥልጠናም ሊሆን ይችላል። መነጽሩን ግን የትም ላገባው አልቻልኩም።

አትክልተኛው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውኃው ውስጥ ቆመው ሸምበቆውን ያጭዳሉ። ከዳር ጀምረው አንዱን ጥግ መልጠውታል። ወፎቹ በላያቸው እየዞሩ ይንጫጫሉ።

ሴትዮዋ ቀጥ አለች። «አባቴ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«እያሳመርኩ ነዋ። ትልልቅ ሰዎች ስለሚመጡ ሐይቁ ወለል ብሎ እንዲታያቸው ነው።»

«ማን አዘዘዎት?»

አትክልተኛው ወደ ጋሼ አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ማጭዳቸው መለሱ። «ማንም አላዘዘኝም። የራሴ ቅብጠት ነው» አሉ።

«እኛ የምንመጣው እዚህ ሸምበቆ ውስጥ የሚኖሩትን ወፎች ለማየት ነው። ሌላ ጉዳይ የለንም። እርስዎ ግን ቤታቸውን አፈረሱት።» ቁጣ አልነበረባትም፤ ያ ደግሞ የባሰ ነበር። «ትናንት ማዶ ያለውን ሆቴል አይቻለሁ። ዝግጅቱን ለእነሱ ብሰጠው ይሻላል።»

አትክልተኛው ውኃው ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። በጋሼ ቤት በሰው ፊት ሲዋረድ ያየሁት የመጀመሪያው ሠራተኛ እሳቸው ናቸው። ጋሼም ይህንን አዩ። ፊታቸው ሲለዋወጥ ተመለከትኩ፤ ምናልባትም ከዚያ ውኃ ውስጥ ያዩት ሳህን አንሺውን ወጣት ይሆናል፤ አላውቅም።

«ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ። «ግቢውን ያጽዱ፣ ትልቅ ሰው ይመጣል አልኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«በስልክ ስለ ወፎቹ ነግሬዎት አልነበረም?»

«ነግረውኛል።»

«እሺ ብለውኝ አልነበረም?»

«ብያለሁ፤ ግን አልገባኝም ነበር። ሰው ወፍ ለማየት ብሎ ከአገር አገር ይዞራል ብሎ ማን ያምናል? የደበቁኝ ነገር አለ፣ ሠርግ ይሆናል፣ ስብሰባ ይሆናል አልኩ። እንዳልጠይቅ የሆቴል ባለቤት ነኝና አፈርኩ። እሺ አልኩና የመሰለኝን ለየሰዉ በየጆሮው አከፋፈልኩ።»

ለካ መልሱን ያጣሁት ጥያቄ መልስ አልነበረውም። እኔም ብሆን ነጭ ሰሌዳውን ከማቆሜ በፊት «የምን ሥልጠና?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኛ ተባብረን ሐይቁን ለቀለቅነው።

«አሁንስ ገባዎት?» አለች።

«አልገባኝም» አሉ ጋሼ። ወደ እኔ ዞሩ። «ሁሉንም ጥሪያቸው። እመቤቲቱ ፈቃደኛ ከሆኑ ይንገሩን፤ እኔም ከሠራተኞቼ ጋር ቆሜ ልስማ።»

ሣሩ ላይ ቆመን ሰማን። እንግዶቹ ሳይነጋ ተነስተው ሐይቅ ዳር ይቀመጣሉ፤ ድምፅ አያሰሙም፤ ማታ በጊዜ ይተኛሉ። ወጥ ቤቷ ቀድመው ጠየቁ፦

«ታዲያ የእኔን የማታ ድግስ ማን ሊበላው ነው?»

«ለማታው ቀለል ያለ ነገር ይበቃናል። የሚያስፈልገን ሳይነጋ የሚደርስ ትኩስ ቁርስ ነው።»

«ቀድሞ ሊነገረኝ ይገባ ነበር። እኔ እንደሆን እንቅልፍ አልወድም፤ የሚረዳኝ ሰው ግን ካሁኑ ይታወቅልኝ።»

«የታጨደውስ?» አሉ አትክልተኛው፣ ከሁሉም ኋላ ሆነው።

«ሥሩን ነቅለውታል?»

«ኧረ አልነቀልኩም።»

«እንግዲያው ይበቅላል። ያልተነካው ጎን ለዘንድሮ ይበቃናል፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው እርስዎ ይጠብቁልኛል።»

«ሙዚቀኛም አዝዤ ነበር» አሉ ጋሼ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። «ሳቁ፣ ሳቁ። እኔው እሰርዘዋለሁ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ ሸምበቆው አንስታ ብዙ ቆየች። «ማዶ ያሉት ለሁሉም ነገር እሺ ነው ያሉኝ» አለች በመጨረሻ። «አንድም ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። እዚህ ይሁን።»

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ ከጎኔ ሆነው በሙሉ ድምፃቸው ተናገሩ፦ «ሰው የሚዋረደው በሰው ፊት ሲነገረው አይደለም ለካ። ባልተነገረው ነገር ሲጠየቅ ነው።»

እኔም የተዋስኩትን ነጭ ሰሌዳ ለባለቤቱ ልመልስ ወደ አዳራሹ ወጣሁ።

እንግዶቹ መጡ፤ የላይኛው ፎቅ ተከፈተ፤ ማንም አልተሰናበተም። ይህን የማወጋው ጋሼን ለማማት አይደለም። እንግዳ የምንቀበልና ድግስ የምናዘጋጅ ሁሉ ሥራውን ከመጀመራችን በፊት በአንድ ቦታ ቆመን፣ የሚመጣው ማን እንደሆነና ለምን እንደሚመጣ፣ ማን በምን እንደሚጠየቅ በአንድ አፍ ብንሰማ ድካማችን ይቀንሳል፤ ወዳጅነታችንም ይሰነብታል። አልገባኝም ማለት የሚያሳፍረው ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ ነው። አልገባኝም ሳይባል የታጨደ ሸምበቆ ግን እስኪበቅል ድረስ በየማለዳው ያሳፍራል።