ለብርድ የተገዛው ቅቤ

በሃምሳው፣ ከወረታ ገበያ ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልዬ ስመለስ፣ አንዲት ቀጭን ሴት በሩዙ ማሳ ዳር ላብ በላብ ሆና እየሮጠች መጣችብኝ። በሬ የሚያባርራት መስሎኝ ዱላዬን አነሣሁ። ቀረብ ስትል የወንድሜ የበላቸው ልጅ አይናለም ናት። ባሕር ዳር ከሯጮች ቡድን ጋር ነው የምትኖር፤ ለዕረፍት መምጣቷን አልሰማሁም።

«ምን አባረረሽ?» አልኋት።

«ማንም አላባረረኝ፣ አክስቴ። ልምምድ ነው።»

«ሳያባርሩት የሚሮጥ እብድ ነው። ደግሞ ይህ አጥንት ምንድን ነው? እዚያ አገር እህል የለም?»

ሳቀችና ጉልበቴን ስማ ቀና አለች። ዓይኗ ቅቤው ላይ ዐረፈ።

«ይህን ሁሉ ለማን ነው የገዙት?»

«ለአባትሽ። ክረምቱን ውኃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ ሲያሳርም ብርድ ደረቱ ገብቶበታል። ጧት ጧት አንድ ዋንጫ አቅልጬ አጠጣዋለሁ። ነገ ስለቱን ሊያገባ ጣራ ገዳም ይወጣል፤ ለዳገቱ ጉልበት ይሁነው ብዬ ጨመርሁለት።»

ፊቷ ዳመነ።

«ብርዱ መቼ መቼ ነው የሚይዘው?»

«ሲሄድ ነዋ! ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቆማል። ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል፤ ግራ ክንዱ ይደነዝዛል። ሲቀመጥ ይለቀዋል።»

«ይቅርታዎን፣ አክስቴ፤ ብርድ የያዘው ሰው ሲሄድ ሞቆት አይሻለውም? እንዴት ሲንቀሳቀስ ይብስበታል፣ ሲቀመጥ ይለቀዋል?»

መልስ ሲጠፋኝ መቆጣት አያቅተኝም።

«ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግሁት ወንድሜ ነው! ከእኔ በላይ ልታውቂው? አያትሽ ቅቤ በዋንጫ ሲጠጣ ኖሮ ሽምግልናውን ጠግቦ ነው የሞተ!»

«አያቴ ቅቤውን ጠጥተው የት ይውሉ ነበር?»

«የት ይውላል? ከብት ተከትሎ! ጎርፉ ሜዳውን ሲሞላው ከብቱን እየነዳ ደጋ ይወጣል፤ ሲጎድል ይመለሳል።»

«አባቴስ?»

በላቸው ሩዝ ካገነነው ወዲህ ደጃፉ ላይ ነው የሚውል። ወፍጮ ቤት እንኳ በባጃጅ ይሄዳል። ሆዱ ሲገፋ መንደሩ «ተመቸው» አለ፤ እኔም አብሬ ኮራሁ። በእኛ ዘንድ የቀጠነ ሰው «ምን ነካው?» ይባላል፤ የወፈረን ማንም አይጠይቅ።

«እንግዲህ ይስሙኝ» አለች ልጅቱ ከጎኔ እየተራመደች። «ልብን የሚመግበው የደም ሥር እንደ ሩዝ ቦይ ነው። ደለል ሲይዘው ለተቀመጠ ሰው ያህል ያደርሳል። ዳገት ሲወጡ ግን ልብ ብዙ ይፈልጋል፤ ቦዩ አያደርስም። ያኔ ነው የሚጨንቀው። ቅቤና ጮማ ሲበዛ፣ መቀመጥ ሲበዛ ደለሉ ይጨምራል፤ ጨው ሲበዛ ደግሞ ደም ግፊት ይነሣል። ብርድ አይመስለኝም፤ እፈራለሁ።»

«አንቺማ ስትሮጪ ስለምትውይ ልብሽ አይታመም ይሆናላ!»

«ይታመማል እንጂ! ሩጫ ልብን ያበረታል፤ ክታብ ግን አይደለም። ደሳለው የሚባል የቡድናችን ልጅ ልምምድ ላይ ዥው ብሎ ወደቀ። ከውልደቱ የልብ ችግር ነበረበት፤ ማንም አላወቀም። ደረቱን እየተጫኑ ነው ነፍሱን ያተረፏት። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ተመረመርን። እኔ በሜዳ ለመሮጥ ከተመረመርሁ፣ አባቴ ሳይመረመር ዳገት ይውጣ?»

ይህ ነገር ከአንጀቴ ገባ። እርምጃዬን ሳላውቀው አፈጠንሁ። ከበላቸው ቤት ስንደርስ ሚስቱ ወለተ ሐና፣ «መኪና ሳያመልጠኝ ዛሬውኑ ልሂድ ብሎ ወጣ» አለችን። ልጅቱ ወደ መናኸሪያው ተፈተለከች፤ ያን ጊዜ እብድ አላልኋትም።

በባጃጅ ተከትያት ስደርስ በላቸው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ መዳፉ ደረቱ ላይ ነው።

«አሁን ይለቀኛል» አለ። «እታለም፣ ቅቤውን አመጣሽ?»

«ሐኪም ቤት እንሂድ፣ አባባ» አለች አይናለም።

«ስለቴን ላፍርስ? ሐኪም ምን እንደሚል አውቃለሁ። አትብላ ነው የሚል! በሃምሳው ማን ይጾማል? ኃጢአት ነው!»

«ጾም አይደለም፣ አባባ። ሥጋውን አይከለክሉዎትም፤ ጮማውን ይተዉት ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ፊቱ ዐመድ መምሰሉን አየሁ።

«በላቸው!» አልሁት፤ «ስለትህን የሚቀበል አምላክ ሬሳህን አምጣልኝ አላለህም! ተነሥ፣ ባጃጁ ውስጥ ግባ!»

እናቴን ቀብሬ እሱን ካሳደግሁበት ጊዜ ጀምሮ ይህን ድምፄን ያውቀዋል። ገባ።

ሐኪሙ የልቡ ደም ሥር ጠብቧል፣ ግፊቱም ከፍ ብሏል አለ። ባይመጣ ኖሮ ዳገቱ ይገድለው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ «እንኳን አልወጣ» አለኝ። ቃሉ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። መድኃኒት ሰጠው። ተሻለኝ ብሎ እንዳይተው፣ ተቀምጦ ዐርፎም ሕመሙ ካልለቀቀው በዚያው ቅጽበት እንዲመጣ፣ እርምጃውንም በሐኪሙ ፈቃድ ቀስ በቀስ እንዲጨምር አዘዘው።

ወለተ ሐና ከወጡ ጨው ቀነሰች፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ የጣናው ዓሣ ተመላለሰ። በላቸው «አፌ ድርቆሽ ሆነ» እያለ አጉረመረመ፤ ቢሆንም በላ። ባጃጁን ትቶ ወፍጮ ቤት በእግሩ መሄድ ጀመረ። እንቅልፉ ተመለሰለት፤ ትንፋሹ ረዘመ፤ ሆዱ ጎደለ። ጎረቤቶች «ምን ነካው?» ሲሉኝ፣ «ዕድሜ ነካው፤ እናንተንም ይንካችሁ» እላቸዋለሁ። ደረቱን የሚጨምቀው ሰው ቢኖር ዛሬውኑ ይታይ፤ ብርድ ነው የሚለውን እኔ ብያለሁና አትድገሙት።

ሩዙ ታጭዶ ሲያበቃ ሐኪሙ ፈቀደለትና ጣራ ገዳም ወጣን። እያረፈ ነው የወጣ፤ እኔም ከኋላ ከኋላው «ቀስ በል!» እያልሁ። ከላይ ስንደርስ ዞር ብሎ አየኝና ሣቀብኝ። ለካስ ለእሱ ስሰጋ ደረቴን በሁለት እጄ ይዤ የቆምሁት እኔ ነኝ።

ያ ቅቤስ የት ደረሰ ያላችሁ እንደሆነ፣ ያኔውኑ ራሴን ተቀባሁት። እዚያ ቢረጋ የሚዘጋው ቦይ የለም።