አዲሱ የስቱኮ መቀቢያ
ባሌ ካረፈ ወዲህ ወሎ ሰፈር ያለውን ጋራዣችንን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። በቀደም አንድ ሻጭ አዳዲስ የስቱኮ መቀቢያዎች ይዞ መጣ። ሠራተኞቹ አንድ የተጋጨ የመኪና በር ላይ ሞከሯቸው፤ እኔ ስመጣ ግን ሁሉም ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«አይረቡም፣ እትዬ» አለኝ ባሌ ሥራ ያስተማረው ግርማ። «ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ከጀሪካን ቆርጦ የሠራትን የሚያህል የለም።»

ሻጩ ቅር ብሎት ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ስቱኮው ደርቆ ስለነበር በሩን በመዳፌ ዳሰስኩት። ምንም አይጎረብጥም።

«ለእኔ ብላችሁ አትዋሹ» አልኳቸው። «እሱ ቢኖር ይሄኔ አንዱን ኪሱ ከቶት ነበር።»

«እንዲያውም አንድ ጎድሎኛል» አለ ሻጩ።

ግርማ አቀርቅሮ ከቱታው ኪስ አወጣው።

«ለእሱ መታሰቢያ ብዬ ነው» አለኝ ኮስተር ብሎ።

ከለቅሶው ወዲህ ሳቅ ያመለጠኝ ያኔ ነው።