ቤት የመታ ሙሾ

ደብረ ብርሃን፣ ረፋድ ላይ፤ ባሏን ንጋቱን ከቀበረች አሥራ አንድ ወር የሆናት አጸደ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የንጋቱ ታላቅ እህት ደብሪቱ ቢላዋ ይዛ የታሸገው መስኮት ሥር ቆማለች፤ የአጸደ የልጅ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ ሶስና፣ ከመጋረጃው ኋላ ተኝታለች።

ደብሪቱ፦ ቢላዋሽ ዶልድሟል። ሌላ የለሽም?

አጸደ፦ የለኝም። ተይው እትዬ፣ አረፍ በይ።

ደብሪቱ፦ አላርፍም። ከላይ ፕላስተር፣ ከፕላስተሩ ሥር ፌስታል፣ ከፌስታሉ ሥር ጨርቅ። አንቺ፣ ያሸግሽው መስኮት ነው ወይስ የጠላ ጋን?

አጸደ፦ ነፋስ እንዳይገባ ነው።

ደብሪቱ፦ ነፋሱስ አልገባም። የገባው ሁሉ መውጫ አጣ እንጂ። አይሸትሽም?

አጸደ፦ ምኑ?

ደብሪቱ፦ ከሰሉ፣ የበረሮ መድኃኒቱ፣ የግድግዳው ሻጋታ።

አጸደ፦ ምንም አይሸተኝም።

ደብሪቱ፦ ለሙት ዓመቱ ሰው ሲመጣ የት ልታስቀምጪው ነው? እዚህ ከገባ ለንጋቱ ሳይሆን ለራሱ ነው የሚያለቅሰው።

አጸደ፦ ውጭ ይቀመጣል።

ደብሪቱ፦ እሺ፣ እሱን እንተወው። ልጅሽ ትናንት እኔ ቤት መጥታ ስታለቅስ አመሸች።

አጸደ፦ ምንትዋብ? ምን ሆንኩ አለች?

ደብሪቱ፦ ቤት አግኝታለች። "እናቴ መስኮቱን ካልከፈተች ቅዳሜ ልጄን ይዤ እወጣለሁ" ነው ያለችው።

አጸደ፦ ትውጣ።

ደብሪቱ፦ ትውጣ?

አጸደ፦ ቤት ካገኘች ምን ላድርጋት።

ደብሪቱ፦ ሶስናንም ይዛ?

አጸደ፦ ልጇ አይደለች?

ደብሪቱ፦ ጡት ከጣለች ጀምሮ አንቺ ጀርባ ላይ ያደገች ልጅ ናት። እንዴት እንዲህ በደረቁ "ትውጣ" ትያለሽ?

አጸደ፦ በእርጥቡ ከየት ላምጣ እትዬ። የንጋቱ ድንኳን ከፈረሰ ወዲህ እንባም የለኝ፣ ሳቅም የለኝ። ምንትዋብ ስትቆጣኝ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ እኔ ዘንድ ግን አይደርስም። ጠዋት ስነሳ ራሴ ድንጋይ የተጫነበት ይመስለኛል።

ደብሪቱ፦ የራስ ምታቱ ከከሰሉ ነው።

አጸደ፦ ከሐዘን ነው።

ደብሪቱ፦ ሐዘንም አለበት፣ ከሰሉም አለበት። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ የተኛ ስንቱ ነው ሳይነሳ የቀረው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ብርድ ትሸሺያለሽ፣ ጭስ ታቅፈሻል። ጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ አልነበር? ምን አለችሽ?

አጸደ፦ ብዙ አለች። ጠዋት ጠዋት መስኮቱንም በሩንም አንድ ላይ ከፍታችሁ አናፍሱት። ከሰሉ ውጭ ይሁን። በደረቅ መጥረጊያ አቧራ አታቡንኑ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት እንጂ። ምንጣፉን ፀሐይ ላይ አውጡት። ልጅ የሚተኛበት ቤት መድኃኒት አትርጩ።

ደብሪቱ፦ አንዲት አላመለጠችሽም።

አጸደ፦ ጆሮዬ ደህና ነው።

ደብሪቱ፦ አንዱንስ ሠርተሽዋል?

አጸደ፦ ምንጣፉን አንድ ቀን አውጥቼዋለሁ። ዝናብ መታው።

ደብሪቱ፦ ኧረ እኔ ልመታ። እስቲ ዝም እንበልና ልጅቷን ስሚያት። ደረቷ ሲር ሲር ሲል ይሰማሻል?

አጸደ፦ ሌላ ምን ስሰማ እውላለሁ?

ደብሪቱ፦ በዚህ በሁለት ወር ሁለቴ ኦክሲጅን ተደርጎላታል። ሐኪሟ የቤታችሁ አየር ነው አለ። ይሄን እየሰማሽ እንዴት ትቀመጫለሽ?

አጸደ፦ ንጋቱም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ያን ጊዜ ከፍቼ አየሁት።

ደብሪቱ፦ ምኑን?

አጸደ፦ መስኮቱን። ከሐኪም ቤት መርፌውን ተወግቶ እንደመጣ ነው። "አጸደ፣ ታፈንኩ፣ እባክሽ አየር ስጪኝ" አለኝ። ከፈትኩለት። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ደብሪቱ፦ በመስኮቱ መስሎሻል?

አጸደ፦ ሐኪሙ ራሱ ምች ነው አለ።

ደብሪቱ፦ ሳንባ ምች ነው ያለው። ደማከሴ አሽትተው የሚያድኑት ምች ሌላ፣ ሳንባ ምች ሌላ። እኔም አንድ ይመስለኝ ነበር፤ የሶስና ሐኪም ነው ያስረዳኝ። ተዋሲያን ነው፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚራባ። ወንድሜ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ እየሳለ ሐኪም ቤት አልሄድም ብሎን ነው፤ ስናደርሰው ረፍዶ ነበር። መስኮትሽ ምን አደረገ?

አጸደ፦ ይሄን ዛሬ ነው የምትዪው። ያን ቀን ያልሽው ሌላ ነው።

ደብሪቱ፦ እኔ? መቼ?

አጸደ፦ የቀብሩ ዕለት።

ደብሪቱ፦ በለቅሶ ቀን ያለውን ማን ያስታውሳል።

አጸደ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር። መሀል ገብተሽ ደረትሽን እየደቃሽ አወረድሽው።

ደብሪቱ፦ ሙሾውን ነው የምትዪኝ?

አጸደ፦ "ወንድሜ ንጋቱ ጦር የማይደፍረው፣ መስኮት ቢከፍቱበት ነፋስ አስቀበረው።"

ደብሪቱ፦ ሞት ይርሳኝ።

አጸደ፦ ሴቶቹ ተቀብለው ሦስት ጊዜ አሉት። ሦስቴም ዞረው እኔን አዩኝ።

ደብሪቱ፦ ቤት እንዲመታልኝ ብዬ ነው አጸደ። "ጦር የማይደፍረው" ካልኩ በኋላ መጨረሻው ጠፋኝ። "አስቀበረው" መጣልኝ። ታዲያ ምን አስቀበረው? ስገባ መስኮቱን ክፍት አይቼዋለሁ፣ ነፋስ አልኩ። ቤት መታልኝ።

አጸደ፦ መታልሽ። የተመታው ግን የእኔ ቤት ነው። በአርባው ማግስት ፕላስተር ገዛሁ።

ደብሪቱ፦ ይሄን ይዘሽ ነው አሥራ አንድ ወር ሙሉ እትዬ፣ እትዬ ስትዪኝ የከረምሽው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ምነው አንድ ቀን ብትነግሪኝ?

አጸደ፦ ሙሾ አውራጅ የት ይከሰሳል?

ደብሪቱ፦ እውነትሽን ነው። እኔም ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩሽ።

አጸደ፦ ሌላ ምን ቀረ?

ደብሪቱ፦ ለቤት መምቻ ነው ያልኩሽ ውሸት አይደለም። ግን ወንድሜ ነበር የሞተው፣ የምቆጣው ሰው አጣሁ። ያን ክፍት መስኮት ሳይ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ትንሽ፣ ትንሽዬ፣ አንቺን ማለቴ ነበር።

አጸደ፦ አውቃለሁ።

ደብሪቱ፦ አፍሬያለሁ። ይቅር በይኝ።

አጸደ፦ ይቅር ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ቂሙም አይሰማኝም፣ ይቅርታውም አይሰማኝም። ብዋሽሽ ምን ያደርግልሻል?

ደብሪቱ፦ እንግዲያው እኔን ተይኝ፣ ልጅቷ ግን ትተንፍስ። ቅዳሜ ከሄደች ይሄ ቤት ካንቺ ጋር ነው የሚቀበረው።

አጸደ፦ እንግዲህ ክፈቺው። በአንቺ እጅ ከሆነ አልከለክልሽም።

ደብሪቱ፦ ይኸው፣ ፕላስተሩ ተላጠ። ፌስታሉን ተቀበዪኝ።

አጸደ፦ አምጪው።

ደብሪቱ፦ ጨርቁም ወጣ። መቀርቀሪያው ዝጓል።

አጸደ፦ ወደ ላይ ገፋ አድርጊው፣ ይለቃል።

ደብሪቱ፦ ቆይ። ሶስና ሳለች።

አጸደ፦ ስትስል ነው የምትውለው። ግፊው እንጂ።

ደብሪቱ፦ አልቧታል እኮ። ይሄ የእኛ አገር ነፋስ ደግሞ አጥንት ነው የሚገባው። ነገ ቢብስባትስ?

አጸደ፦ ተዋሲያን ነው አላልሽኝም?

ደብሪቱ፦ ብያለሁ። አፌ ያውቀዋል፣ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ፈራሁ፣ አጸደ።

አጸደ፦ ሂጂ፣ ላቧን ጥረጊላት፣ ብርድ ልብሱን ደርቢላትና እቅፍ አድርጊያት።

ደብሪቱ፦ መስኮቱስ? አንድ ነገር የሆነች እንደሆን አገሩ ምን ይላል?

አጸደ፦ እኔ አንዴ ሙሾ ወርዶብኛል፤ ሁለተኛው አይከብደኝም። ዘወር በይ።